ሕዋስ የያዘ ገጽ፣ ደም ያልደረሰው ቧንቧ፦ የሁዲንጌው ሰው ሠራሽ የአየር ቧንቧ የጉዳይ ጥናት

ጁን 9 ቀን 2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም አጠገብ ሁዲንጌ በሚገኘው የካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአንድ የ36 ዓመት ኤርትራዊ የአየር ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ በምትኩ በፋብሪካ ከሚሠራ ፖሊመር የተቀረጸ ቧንቧ ተተከለላቸው። ታካሚው አይስላንድ ውስጥ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ሳሉ ነበር የአየር ቧንቧቸው ላይ ዕጢ የተገኘባቸው። ቀደም ሲል የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ዕጢውን ሊያቆመው አልቻለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል የፈጀውን ቀዶ ሕክምና የመሩት ጣሊያናዊው ፓኦሎ ማኪያሪኒ ሲሆኑ፣ ቧንቧው የተሠራው በታካሚው የሲቲ ስካን ምስል ልክ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሎንደን በአሌክሳንደር ሴይፋሊያን ቡድን ነበር። ከታካሚው መቅኔ የተወሰዱ ሕዋሳት በቧንቧው ላይ ተዘርተው፣ ባዮሪአክተር በሚባል የሚሽከረከር ሣጥን ውስጥ 36 ሰዓት ከቆዩ በኋላ ቧንቧው ወደ ደረታቸው ገባ። ዜናው ያንጊዜ የዓለም ዜና ሆነ፤ የሕክምና መጽሔቱ ላንሴትም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እንደ ስኬት አተመው። ታካሚው በጃንዋሪ 2014 አረፉ።

ይህን ጉዳይ ብዙዎች የሚያነሡት የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት ማሳያ አድርገው ነው፤ ያም እውነት ነው። እኔ ግን እዚህ ልመረምረው የምፈልገው ብዙም ያልተነገረለትን የቁስ ሳይንስ ጎኑን ነው። የፖሊመርን ገጽ በፕላዝማም (በኤሌክትሪክ በተነቃቃ ጋዝ) ሆነ በሌላ ዘዴ አዘጋጅተን፣ ሕዋሳት ሲጣበቁበት በማይክሮስኮፕ ስናይ፣ ያየነው ነገር በትክክል ምን ያረጋግጣል? ምንስ አያረጋግጥም? በናኖ ቃጫ፣ ማለትም እጅግ ቀጭን በሆነ ክር፣ ላይ የሚሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ በሁዲንጌው ታካሚ ፊት ቆሞ ሊመልሰው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቁሱ። የለንደኑ ቧንቧ ፖስ-ፒሲዩ ከተባለ የፖሊዩሬቴን ዝርያ የተቀረጸ ነበር። በስሙ ላይ «ናኖ» የሚለው ቃል የገባው በውስጡ ከተቀላቀሉት እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች የተነሣ ነው እንጂ ከቃጫ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ ወደ እውነተኛ ናኖ ቃጫ ተሻገረ። በኖቬምበር 2011 እዚያው ሁዲንጌ ለአንድ አሜሪካዊ የተተከለው ሁለተኛው ቧንቧ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ናኖፋይበር ሶሉሽንስ በተባለ ኩባንያ ከፒኢቲ ቃጫ የተሠራ ነበር። ፒኢቲ የሃይላንድ ውሃ የሚታሸግበት የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ይህ ፖሊመር በፈሳሽ ይሟሟና በቀጭን መርፌ በኩል እየተንጠባጠበ፣ በብዙ ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ይሳባል፤ ጠብታው ወደ ሾጣጣ ይለወጥና ከጫፉ እጅግ ቀጭን ክር ይወጣል፤ ክሩ በአየር ላይ ሲደርቅ በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ ይጠመጠማል። ኤሌክትሮስፒኒንግ የሚባለው ይህ ነው። ባዘቶን በእንዝርት የፈተለ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እጁን ኤሌክትሪክ መተካቱና የክሩ ውፍረት ከጸጉር በመቶ እጥፍ ሊቀጥን መቻሉ ነው። የሚገኘው ምንጣፍ በዓይን ሲታይ ስስ ነጭ ጨርቅ ይመስላል፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በሰውነታችን ውስጥ ሕዋሳትን አቅፎ የሚይዘውን የኮላጅን መረብ በእጅጉ ይመስላል። ተመራማሪዎችን የማረከውም ይህ መመሳሰል ነው። እኔ «ስካፎልድ» የሚለውን ቃል «ማገር» እያልኩ ብጠራው እመርጣለሁ፤ ሕዋሱ የሚመረግበት ጭቃ፣ ቃጫው የሚሸከመው ማገር ነውና።

ችግሩ ማገሩ ጭቃውን አለመውደዱ ነው። ፒኢቲ፣ ፖሊካፕሮላክቶን፣ ፖሊስታይሪን የመሳሰሉት ፖሊመሮች በጥንካሬያቸው ወይም ለአሠራር በመመቸታቸው የሚመረጡ እንጂ ገጻቸው ለሕዋስ የሚስማማ ሆኖ አይደለም። ይህን በዓይን ለማየት አንዲት ጠብታ ውሃ ትበቃለች። ባልታከመ የፖሊካፕሮላክቶን ናኖ ቃጫ ምንጣፍ ላይ ከመርፌ ጫፍ የወደቀች ጠብታ በጎመን ቅጠል ላይ እንደሚንከባለል ጠል ክብ ሆና ትቀመጣለች፤ ከጎን በካሜራ ቢለኩት የንክኪ ማዕዘኑ፣ ማለትም የጠብታዋ ጠርዝ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ ከ120 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ያው ምንጣፍ ጥቂት ደቂቃ በኦክስጅን ወይም በአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ፣ ተመሳሳይዋ ጠብታ ገጹን እንደነካች ትሰርጋለች፤ ማዕዘን የሚለካበት ጊዜ እንኳ አይገኝም። ምንጣፉ በዓይን ሲታይ ምንም አልተለወጠም። በእጅም ቢዳሰስ ልዩነት የለውም።

እዚህ ላይ «ፕላዝማ» ሲባል የደም ፕላዝማ ማለት አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚር ስሙን ያወጡለት፣ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው የተላቀቁበት የጋዝ ሁኔታ ነው፤ ሰዎች በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ በየቀኑ ያዩታል። ለፖሊመር የሚያገለግለው ቀዝቃዛው ፕላዝማ ነው። አየሩ ተስቦ በወጣለት ክፍል ውስጥ በሬዲዮ ሞገድ፣ ብዙውን ጊዜ በ13.56 ሜጋኸርዝ፣ ጋዙ ይቀጣጠላል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአሥር ሺህ ዲግሪ በላይ የሚያህል ጉልበት ሲኖራቸው ጋዙ ራሱ ግን ከክፍሉ ሙቀት ብዙ አይርቅም። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጠው ፖሊካፕሮላክቶን ሳይበላሽ የሚታከመው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሌክትሮኖቹ፣ አዮኖቹና አልትራቫዮሌት ብርሃኑ የገጹን ኬሚካዊ ትስስር ይበጥሳሉ፤ በተበጠሰው ቦታ ኦክስጅን ያለባቸው ቡድኖች፣ ማለትም ሃይድሮክሲል፣ ካርቦኒልና ካርቦክሲል፣ ይተከላሉ፤ በአሞኒያ ከሆነ ደግሞ አሚን ይተከላል። ውሃ የሚሸሸው ገጽ ውሃ ወዳድ ይሆናል። ከደም ፈሳሽ ወይም ከሕዋስ ምግብ የሚመጡ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን የተባሉ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ሳይስቱ በገጹ ላይ ያርፋሉ፤ ሕዋሱም ኢንቴግሪን በተባሉ በገጹ ላይ ባሉ መያዣዎቹ አማካይነት እነርሱን ይጨብጣል። ሕዋስ ፕላስቲክን በቀጥታ አይዝም፤ የሚይዘው በፕላስቲኩ ላይ ያረፈውን ፕሮቲን ነው።

ይህ ዘዴ በራሱ የተረጋገጠ፣ የተከበረ ዘዴ መሆኑን አስምሬበት ማለፍ እወዳለሁ። በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች ሕዋስ የሚራባባቸው ግልጽ የፖሊስታይሪን ሳህኖችና ጠርሙሶች በፕላዝማ ወይም በተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ካልታከሙ በስተቀር አብዛኛው ሕዋስ አይጣበቅባቸውም። አምስተይንና ሃርትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 የፕላስቲክን ገጽ በፕላዝማ ለሕዋስ ማራቢያ እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ጽፈው ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ሳህኑን ከማሸጊያው ሲያወጣ ስለዚህ አያስብም፤ ተለምዷል፤ ሠርቷል። ይህ ስኬት ግን በሳህን ውስጥ የተገኘ ስኬት ነው። በሳህኑ ውስጥ ምግቡ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይለወጣል፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ላይ ይጠበቃል፣ ጀርም አይገባም፣ ሕዋሱም አንድ ንጣፍ ሆኖ በፈሳሽ ተከቦ ይኖራል። ሳህን ሕዋሱን በየጊዜው የሚመግብ ሞግዚት አለው።

የሰው የአየር ቧንቧ ግን ሞግዚቱ ደም ነው። ትልቅ ሰው ላይ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ይህ ቧንቧ ከ18 እስከ 22 በሚደርሱ ከኋላ ክፍት የሆነ ቅስት ቅርጽ ባላቸው የልምጭ አጥንት (ካርቲሌጅ) ቀለበቶች ተደግፎ፣ ከግራና ከቀኝ በሚመጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች በየክፍሉ ይመገባል። የውስጥ ሽፋኑ ደግሞ አክታንና አቧራን ወደ ላይ የሚጠርጉ ጸጉር መሰል ሲሊያ ያሏቸው ሕዋሳት ንጣፍ ነው። ይህ ሽፋን በየትንፋሹ ከውጭ አየርና ከባክቴሪያ ጋር ይገናኛል። በመሆኑም የአየር ቧንቧ፣ በሰውነት ውስጥ ያለ ቢመስልም፣ በግማሹ ከሰውነት ውጭ ነው።

አንድ የሚነሣ መልስ አለ፦ «ቧንቧው በውስጡ አየር ስለሚያልፍበት ሕዋሳቱ ኦክስጅን አያጡም» የሚል። ይህ መልስ አሳሳች ነው። ኦክስጅን በሕይወት ባለው ሥጋ ውስጥ ከደም ሥር ርቆ በቂ ሆኖ የሚደርሰው ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የቧንቧው ግድግዳ ግን በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ከዚህም በላይ ሕዋስ የሚኖረው በኦክስጅን ብቻ አይደለም። ስኳር ያሻዋል፣ እርጥበት ያሻዋል፣ ቆሻሻውን የሚያነሣለት ያሻዋል፣ ጀርም ሲመጣ ከደም የሚደርሱለት ተከላካይ ሕዋሳት ያሹታል። ለ36 ሰዓት በባዮሪአክተር ውስጥ የተጣበቁ የመቅኔ ሕዋሳት ከዚህ ሁሉ ተቋርጠው በደረቅ አየር ፊት ሲቆሙ፣ የመጣበቃቸው ጥንካሬ ምንም አይረዳቸውም። የገጽ ሕክምናው የሚለውጠው የላይኛውን ጥቂት ናኖ ሜትር ነው። አምስት ናኖ ሜትር ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶ ሺሕኛ ነው። የታካሚው ሕይወት የተመሠረተው በቀረው ላይ ነበር።

ፒኢቲ ለሰውነት እንግዳ አለመሆኑም ብዙዎችን አዘናግቷል ብዬ እገምታለሁ። ዳክሮን በሚል ስም ከ1950ዎቹ ጀምሮ የደም ቧንቧ መተኪያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ በዚህ ረገድ የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ማይክል ዲቤኪ ሥራ የታወቀ ነው። ነገር ግን የዳክሮን ቧንቧ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ በአኦርታ፣ ቦታ ሲገባ በውስጡ የሚያልፈው ደም ነው፤ ዙሪያውም ከጀርም የተጠበቀ ሥጋ ነው። ደሙ ራሱ በቃጫዎቹ መካከል ረግቶ ይደፍናቸዋል፣ ከዚያም ሥጋ ከውጭ ያቅፈዋል። ያንኑ ቁስ ወደ አየር ቧንቧ ማምጣት ቁሱን ሳይለውጡ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው። እዚህ በቃጫዎቹ መካከል የሚገባው ደም ሳይሆን አክታና ባክቴሪያ ነው። አንቶኒ ግሪስቲና በ1987 በገጽ ላይ የሚካሄደውን የሕዋስና የባክቴሪያ ሽቅድምድም እንደገለጹት፣ ቀድሞ የደረሰ ቦታውን ይይዛል፤ ሕዋስን የሚጋብዝ ገጽ ደግሞ ባክቴሪያን ላይጋብዝ የሚችልበት ዋስትና የለውም።

የሆነውም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ተከላው የተጋጠመበት ጠርዝ ከሥጋው ጋር አልተዋሐደም። የውስጥ ሽፋን ሊሆን የታሰበው ሕዋስ ሳይተካ፣ ቁስል ሲያገግም የሚወጣው ቀይ ሥጋ መተላለፊያውን እያጠበበ መጣ፤ ለማስፋት የብረት መረብ፣ ስቴንት፣ ይገባ ነበር፤ ቀዳዳዎችም ተከፈቱ። ሲሊያ ስለሌለ አክታው በመሣሪያ መጠረግ ነበረበት። ከፒኢቲ ናኖ ቃጫ የተሠራው ቧንቧ የተተከለላቸው አሜሪካዊ በማርች 2012 አረፉ። በኦገስት 2012 ቧንቧ የተተከለላቸው ሦስተኛዋ የሁዲንጌ ታካሚ የሆኑት ቱርካዊት ወጣት ቧንቧቸው ከዓመት በኋላ በሌላ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ተተክቶ ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ2017 አረፉ። በሩሲያ ክራስኖዳር ውስጥም ለሌሎች ታካሚዎች ተመሳሳይ ተከላ ተካሂዷል። በ2013 ደግሞ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ለአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን የናኖ ቃጫ ቧንቧ ተተክሎላት ከጥቂት ወራት በኋላ ሕይወቷ አልፏል። በሁዲንጌው የመጀመሪያ ታካሚ ላይ በተደረገው የአስከሬን ምርመራ ቧንቧው ከቦታው ተላቆ ተገኝቷል። ይህ አንድ ግኝት ለእኔ ከማንኛውም የማይክሮስኮፕ ምስል በላይ ይናገራል፤ ሁለት ዓመት ተኩል በሰውነት ውስጥ ኖሮ ሰውነት የራሱ ያላደረገው ቁስ ነበር።

የቁሱ ሳይንስ ይህን አስቀድሞ ሊያሳይ ይችል ነበር ወይ? ይችል ነበር። ሰው ሠራሹን ቧንቧ በትልልቅ እንስሳት ላይ መትከልና ለወራት መከታተል ጥያቄውን በጥቂት እንስሳት ሕይወት ይመልሰው ነበር። ይህ አስቀድሞ አልተደረገም፤ ከስዊድን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም ፈቃድ አልተጠየቀም። የሉቨኑ ቤልጂየማዊ ቀዶ ሐኪም ፒየር ደላየር ደም የማይደርሰው ቧንቧ ሊያገግም እንደማይችል ገና ከጅምሩ ተቃውመው ተናግረዋል። በካሮሊንስካ ውስጥ የነበሩ አራት ሐኪሞች፣ ካርል-ሄንሪክ ግሪነሞ፣ ማቲያስ ኮርባሺዮ፣ ቶማስ ፉክስና ኦስካር ሲሞንሰን፣ በ2014 የሕክምና መዛግብቱን ከታተሙት ጽሑፎች ጋር አስተያይተው አመለከቱ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተሰየሙት ቤንግት ጌርዲን በ2015 ጽሑፎቹ የታካሚዎቹን ሁኔታ ከእውነታው አሳምረው እንዳቀረቡ ደረሱበት። ማኪያሪኒ ይሠሩበት የነበረው የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት አመራር ግን በዚያው ዓመት ማኪያሪኒን ነጻ አላቸው። በ2016 መጀመሪያ በስዊድን ቴሌቪዥን በቀረበ ዘገባ ጉዳዩ ሕዝብ ፊት ሲወጣ የተቋሙ መሪ አንደርስ ሃምስተን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ ማኪያሪኒም ተሰናበቱ። ላንሴት የ2011ዱን ጽሑፍ በ2018 ሰረዘው። በጁን 2023 የስቬያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱ የሁዲንጌ ታካሚዎች ላይ በተፈጸመ ከባድ የአካል ጉዳት ወንጀል ማኪያሪኒን ጥፋተኛ ብሎ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደባቸው።

አሁን ወደ ገጹ ልመለስ፤ ለፕላዝማ ባለሙያው የሚቀረው የቤት ሥራ እዚያ ነውና። ከዚህ ጉዳይ በመነሣት በማንኛውም የታከመ ናኖ ቃጫ ላይ ሊጠየቁ ይገባል የምላቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በፕላዝማ የተተከሉት ቡድኖች በገጹ ላይ አይጸኑም፤ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ እየዞሩ ቡድኖቹን ወደ ውስጥ ይቀብሯቸዋል፣ ገጹም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ውሃ ሸሽነቱ ያዘግማል። ስለዚህ በታከመ ማግስት የተለካ የንክኪ ማዕዘን፣ ምንጣፉ ታሽጎና ከጀርም ጸድቶ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በሚደርስበት ቀን ያለውን ገጽ አይናገርም። ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ወፍራም ምንጣፍ ውስጥ የጋዙ ንቁ ቅንጣቶች በቃጫዎቹ መካከል እየተጋጩ ስለሚሞቱ፣ የላይኞቹ ድርብርቦች በሚገባ ታክመው የውስጠኞቹ እንደነበሩ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ከላይ የተቀመጠች ጠብታ ግን ስለ ላይኛው ብቻ ትመሰክራለች። ምንጣፉን ሰንጥቆ የመካከሉን ገጽ ለብቻው መለካት ቀላል ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ አይደረግም። ሕክምናው ሲበዛ ደግሞ ፕላዝማው ቃጫውን መብላት ይጀምራል፤ ሰንሰለቱ ያጥራል፣ ምንጣፉ ጥንካሬውን ያጣል፤ በየትንፋሹና በየሳሉ ለሚታጠፍ አካል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ በላይ ግን ደም አለ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሎንደን በኋላ በተካሄዱ ጥናቶች፣ ያው የፖስ-ፒሲዩ ቁስ በአርጎን ፕላዝማ ታክሞ ከእንስሳት ቆዳ ሥር ሲቀበር ሥጋ በተሻለ ሁኔታ እንደሚገባበትና አዳዲስ የደም ሥሮች እንደሚበዙበት ታይቷል። ይህ ውጤት በትክክለኛው አቅጣጫ የተራመደ ነው፤ ምክንያቱም የጠየቀው «ሕዋሱ ተጣበቀ ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ደም ደረሰ ወይ?» ብሎ ነው። ከቆዳ ሥር ያለ ቦታ ግን በደም የበለጸገ፣ ከአየር የተሸሸገ ቦታ ነው።

ደላየርና ባልደረቦቻቸው በሉቨን ያደረጉት የተለየ ነበር። የሌላ ሰውን የአየር ቧንቧ ወስደው መጀመሪያ በታካሚዋ ክንድ ውስጥ፣ ከደም ሥር ጋር ከተያያዘ ስስ ሽፋን ሥር አቅፈው ለወራት አቆዩት፤ የክንዱ ደም ሥሮች ወደ ቧንቧው ከዘለቁ በኋላ ብቻ ከነደም ሥሩ ወደ አንገት አዛወሩት። ሥራው በ2010 ታትሟል፤ ማለትም ከሁዲንጌው ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ለማንም ሐኪም የተከፈተ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ በማውንት ሲናይ ሆስፒታል፣ በኤሪክ ጀንደን የሚመራ ቡድን ከለጋሽ የተወሰደ ሙሉ የአየር ቧንቧ ተከለ። አሥራ ስምንት ሰዓት ያህል በወሰደው በዚያ ቀዶ ሕክምና ቧንቧውን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ከታካሚዋ የደም ሥሮች ጋር ተሰፍተዋል።